ሃይፐርኦክሳሉሪያ ምንድን ነው?

የኩላሊት ጠጠር የተገኘበት ሰው ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚተወው ወተት ነው። «ጠጠሩ ካልሲየም ነው ተባልኩ» ይላል። አብዛኛው የኩላሊት ጠጠር ግን ካልሲየም ኦክሳሌት ነው፤ ካልሲየም ኦክሳሌት ከሚባል ሌላ ንጥረ ነገር ጋር ተጣምሮ ማለት ነው። ካልሲየሙን ብቻ ጥፋተኛ ማድረግ ነገሩን ያበላሻል።

ኦክሳሌት ጉበት ራሱ ይሠራዋል፣ ከአትክልትም ይገባል። ለሰውነት የሚሰጠው ጥቅም የለም፤ ኩላሊት አጣርቶ በሽንት ያስወጣዋል። በአዋቂ ሰው የ24 ሰዓት ሽንት ውስጥ መጠኑ ከ40 እስከ 45 ሚሊግራም ካለፈ ሃይፐርኦክሳሉሪያ ይባላል። ምርመራው ትንሽ ያስቸግራል። የመጀመሪያው የጠዋት ሽንት ይደፋል፤ ከዚያ በኋላ ያለው በሙሉ፣ የማግስቱ ጠዋት ሽንት ጭምር፣ በአንድ ዕቃ ይጠራቀማል። አንዱ ከተረሳ ውጤቱ አይታመንም።

ወደ ወተቱ እንመለስ። ካልሲየም ከምግብ ጋር ሲገባ ኦክሳሌቱን አንጀት ውስጥ ይይዘውና ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። ወተቱ ሲቀር ኦክሳሌቱ የሚይዘው ስለሌለ ወደ ደም ያልፋል፣ ከዚያም ኩላሊት ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ወተት ማቆም ጠጠሩን ያባብሳል።

እኛ ቤት ዋናው ተጠርጣሪ ቆስጣ ነው። ኦክሳሌቱ በጣም ብዙ ነው። የሐበሻ ጎመን ግን ትንሽ ነው ያለው፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ «ቅጠል አልበላም» ማለት አያስፈልግም። በጾም ወቅት ቆስጣው ይበዛል፣ ወተትና አይብ የለም፣ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ ያልጠጣ ሰው ሽንቱም ይወፍራል። ጠጠር ላለበት ሰው ይህ ጥሩ ቅንብር አይደለም። ቆስጣውን ቀቅሎ፣ ጨምቆ፣ ውሃውን መድፋት ኦክሳሌቱን ይቀንሳል። ቀይ ሥርና ለውዝም ልከኛ ቢሆኑ ይሻላል። በየቀኑ ብዙ ቫይታሚን ሲ ኪኒን መዋጥም ኦክሳሌት ይጨምራል።

አንዳንዴ ችግሩ ከምግቡ ሳይሆን ከአንጀቱ ነው። ክሮንስ የሚባል የአንጀት በሽታ ያለበት ወይም ውፍረት ለመቀነስ ሲል የጨጓራ ባይፓስ ቀዶ ሕክምና ያደረገ ሰው ስብ በደንብ አይመጠጥለትም። ያልተመጠጠው ስብ ካልሲየሙን ይይዘዋል፤ ኦክሳሌቱ ነፃ ይቀራል።

ጉዳቱ ጠጠር ብቻ አይደለም። የኦክሳሌቱ ደቃቅ ክሪስታል የኩላሊቱ ሥጋ ውስጥ ገብቶ ያቆስላል፣ ጠባሳ ይተዋል፣ ቀስ በቀስም ኩላሊቱ ይደክማል። ብዙ ውሃ መጠጣትና ጨው መቀነስ የሕክምናው መነሻ ናቸው። ሽንቱ በቀን ከ2 እስከ 2.5 ሊትር ቢደርስ ጥሩ ነው። ኩላሊቱ የደከመ ሰው ግን የውሃውን መጠን ከሐኪሙ ጋር ይወስን።

ከሁሉም የሚከፋው በዘር የሚወረሰው ነው። ብዙ ሰው ላይ አይታይም። ጉበት ውስጥ አንድ ኢንዛይም ስለሚጎድል ኦክሳሌት ከልክ በላይ ይመረታል፤ ቆስጣ ቢተውም ለውጥ የለውም። ኩላሊት ሲደክም ኦክሳሌቱ አጥንት፣ ዓይንና ልብ ላይ ይከማቻል። ዓይነት 1 የሚባለው ለአንዳንዶች በቫይታሚን ቢ6 ይሻላቸዋል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለዚሁ ዓይነት ሉማሲራን የሚባል መርፌ አሜሪካ ውስጥ ተፈቅዷል። ስለዚህ ሕፃን ልጅ ላይ ጠጠር ከተገኘ «ውሃ አጠጡት» ተብሎ መሸኘት የለበትም፤ የሽንቱ ኦክሳሌት ይለካለት።