በሮቦት የሚሠራ የአንጀት ካንሰር ኦፕሬሽን ምንድን ነው?

ሮቦቱ ብቻውን ማንንም ኦፕሬሽን አያደርግም። ብዙ ሰው የሚያስበው ሌላ ስለሆነ ከዚህ ልጀምር። በሽታውን ራሱ ፈልጎ፣ ራሱ ቆርጦ፣ ራሱ የሚሰፋ ማሽን አይደለም። የሚሠራው ቀዶ ሐኪሙ ነው። ኦፕሬሽን ክፍሉ ውስጥ፣ ከበሽተኛው ጥቂት ሜትር ርቆ፣ ኮንሶል የሚባል ነገር ላይ ይቀመጣል። ፊቱን መመልከቻው ላይ ያስጠጋል። በጣቶቹ መቆጣጠሪያ ይይዛል፣ በእግሩ ፔዳል ይረግጣል። እጁን ሲያንቀሳቅስ ሆድ ውስጥ የገቡት ትንንሽ መሣሪያዎች አብረው ይንቀሳቀሳሉ። እሱ ሲያቆም ይቆማሉ።

አልጋው አጠገብ ደግሞ አራት ክንዶች ያሉት ማሽን ይቆማል። አንዱ ክንድ ካሜራ ይይዛል። ሌሎቹ መቀስ፣ መቆንጠጫና መስፊያ ይይዛሉ። ወደ ሆድ የሚገቡት 8 ሚሊ ሜትር ገደማ በሆኑ ቀዳዳዎች ነው። ቦታ እንዲገኝ ሆዱ በጋዝ ይነፋል። በሽተኛው ሙሉ ማደንዘዣ ወስዶ ተኝቷል፤ ረዳት ሐኪምና ነርስ ከጎኑ አይጠፉም። ካሜራው የነገሩን ጥልቀት ያሳያል፣ እስከ 10 እጥፍም ያጎላል። የመሣሪያዎቹ ጫፍ በየአቅጣጫው ይታጠፋል። የሐኪሙ እጅ ትንሽ ቢንቀጠቀጥ ማሽኑ ያጣራዋል።

በብዛት የሚታወቀው ዳ ቪንቺ የተባለው ሮቦት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2000 ፈቃድ ሰጠው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በማግስቱ ዓመት ትልቁ አንጀት ላይ መሠራት ጀመረ። በዚያው በ2001 ዣክ ማሬስኮ የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ኒው ዮርክ ተቀምጠው፣ ዘውስ በሚባል ሌላ ሮቦት፣ ስትራስቡርግ ያለች ሴት የሐሞት ከረጢት አወጡ። ዶክተሩ ውጭ ሆኖ ባሕር ዳር ያለን ሰው ማከም ይችል ይሆን የሚል ጥያቄ የሚያነሣ ካለ፣ በመርህ ደረጃ እንደሚቻል ያኔ ታይቷል። ዛሬም ግን አብዛኛው ሥራ ሐኪሙና በሽተኛው አንድ ክፍል ውስጥ ሆነው የሚሠራ ነው። ማሬስኮ የመሠረቱት ኢርካድ የተባለው የማሠልጠኛ ተቋም በ2023 ኪጋሊ ላይ ማዕከል መክፈቱን ግን ሳልጠቅስ አላልፍም። ሙያው ወደ እኛ አካባቢ እየቀረበ ነው።

አሁን ወደ አንጀቱ እንምጣ። ትልቁ አንጀት አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። መጨረሻ ላይ ያለው፣ ከፊንጢጣ በላይ ያለው 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ሬክተም ይባላል። ካንሰሩ የቱ ላይ ነው የወጣው? የሁሉ ነገር መነሻ ይሄ ጥያቄ ነው። ከላይ ከሆነ ሐኪሙ ሰፊ ቦታ ያገኛል። የታመመውን ክፍል ከነንፍፊቶቹ (ሊምፍ ኖድ ከሚባሉት ትንንሽ ዕጢዎች ጋር) ያወጣና ሁለቱን ጫፎች ያገናኛል።

ሬክተም ላይ ሲሆን ሥራው ይከብዳል። ሬክተም ያለው ዳሌ ውስጥ ነው። ከኋላው አጥንት አለ። ከፊቱ በወንድ ፊኛና ፕሮስቴት፣ በሴት ማህፀን አለ። ሽንትንና ግብረ ሥጋን የሚያዝዙ ነርቮች ከጎኑ ተለጥፈው ያልፋሉ። የወንድ ዳሌ ደግሞ ጠባብ ነው። አፉ በጠበበ እንስራ ውስጥ እጅ አስገብቶ፣ ከታች የተጣበቀን ነገር ምንም ሳይነኩ ማላቀቅ እንደማለት ነው።

ቢል ሂልድ የተባሉ እንግሊዛዊ ቀዶ ሐኪም በ1982 ያስተማሩት ነገር እስከ ዛሬ የዚህ ሥራ መለኪያ ነው። ሬክተሙ በስብ ተከቦ፣ ስቡም በስስ ሽፋን ተጠቅልሎ ይገኛል። ካንሰሩ መጀመሪያ የሚዘልቅባቸው ንፍፊቶች ያሉት እዚያ ስብ ውስጥ ነው። ሽፋኑ ሳይቀደድ ሁሉም በአንድነት ከወጣ፣ ካንሰሩ እዚያው ቦታ ተመልሶ የመምጣት ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ሆድ ተከፍቶ ይሠራ፣ በላፓሮስኮፒ ይሠራ፣ በሮቦት ይሠራ፣ የሚመዘነው በዚህ ነው።

ላፓሮስኮፒ በትንንሽ ቀዳዳ የሚሠራው የቀድሞው ዘዴ ነው። ሐኪሙ ራሱ አልጋው አጠገብ ቆሞ ረጃጅም መሣሪያዎችን ይይዛል። ጫፋቸው እንደ ሮቦቱ አይታጠፍም። ዳሌ ውስጥ ሲገባ አንዳንዴ አልሆን ይልና ሆዱን ወደ መክፈት ይዞራል። ሮቦቱ የመጣው ይህን ችግር ሊፈታ ነው።

ታዲያ ፈታው? መልሱ ካንሰሩ እንዳለበት ቦታና እንደ ሐኪሙ እጅ ይለያያል። በ2017 ሮላር የተባለ ጥናት ውጤቱን አወጣ። በ10 አገሮች 471 የሬክተም ካንሰር ሕሙማን ተካተውበታል። በላፓሮስኮፒ ከተጀመሩት 12 በመቶው፣ በሮቦት ከተጀመሩት 8 በመቶው ወደ ክፍት ኦፕሬሽን ተቀየሩ። ልዩነቱ ግን በእርግጠኝነት ለመናገር አልበቃም። በሽንትና በግብረ ሥጋ በኩልም ልዩነት አልታየም። ከሐኪሞቹ ብዙዎቹ ከሮቦቱ ይልቅ በላፓሮስኮፒ የበሰሉ ነበሩ።

ቆይቶ ሪል የተባለ ጥናት ከቻይና መጣ። በ11 ሆስፒታሎች ከ1,100 በላይ ሕሙማን ገቡበት፤ ሁሉም ካንሰራቸው የሬክተም መካከለኛና ታችኛው ክፍል ላይ ነበር። ሐኪሞቹ በሁለቱም ዘዴ የበሰሉ ናቸው። በ2025 በወጣው ውጤት መሠረት በ3 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ እዚያው አካባቢ የተመለሰባቸው በሮቦት ከተሠሩት 1.6 በመቶ፣ በላፓሮስኮፒ ከተሠሩት 4 በመቶ ናቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው።

እኔ ከዚህ የምረዳው ይህን ነው። ካንሰሩ ዝቅ ብሎ ሬክተም ላይ ከሆነ፣ በተለይ በሽተኛው ወንድ ወይም ወፍራም ከሆነ፣ በሮቦት ብዙ የሠራ ሐኪም ከተገኘ ይጠቅማል። ካንሰሩ ከላይ፣ ለምሳሌ በቀኝ በኩል ከሆነ ግን በላፓሮስኮፒም፣ ሆድ ተከፍቶም በደንብ ይሠራል። ለዚህኛው ሲባል በሬ አይሸጥም፤ መሬት ለዓመታት አይከራይም። ጎጃም ውስጥ "ህንድ ይሂድ፣ እዚያ በሮቦት ነው የሚሠሩት" ሲባል ቤተሰብ ያለውን ሁሉ አሟጥጦ ሲያዋጣ አያለሁ። ያሳዝነኛል። ማሽኑ ብቻውን 2 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ያወጣል። መሣሪያዎቹም ለተወሰነ ጊዜ አገልግለው ይጣላሉ። ይህ ሁሉ በመጨረሻ የበሽተኛው ቢል ላይ ያርፋል።

የእኛ ሐኪሞች አንጀት ያውቃሉ። አንጀት ተጠምዝዞ መዘጋት በአገራችን የተለመደ ሕመም ነው። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወትና ጥበበ ግዮን፣ ደብረ ማርቆስ ሪፈራል በሚባሉት ሆስፒታሎች አንጀት ቆርጦ መቀጠል አዲስ ነገር አይደለም። መጀመሪያ እነሱን አማክሩ። የሬክተም ካንሰር ከሆነ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከኦፕሬሽኑ በፊት ጨረርና ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት) ያስፈልጋል። ለረጅም ዘመን የጎጃም ሰው ለጨረር የአባይን በረሃ ተሻግሮ ጥቁር አንበሳ ወረፋ ሲጠብቅ ኖሯል። ያ ወረፋ ያማርራል፤ ቢሆንም ጨረሩን ዘሎ በቀጥታ ወደ ሮቦት መሮጥ ስህተት ሊሆን ይችላል። ይህን የሚወስነው የዳሌ ኤምአርአይ ነው።

"በሮቦት ከሆነ ከረጢት አይኖርም" የሚባለውም ልክ አይደለም። ካንሰሩ ፊንጢጣው ጡንቻ ድረስ ከደረሰ፣ ማንም ይሥራው በምን፣ ሰገራ በሆድ በኩል ወደ ከረጢት እንዲወጣ ማድረግ የግድ ሊሆን ይችላል። ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ ሬክተም ላይ ሲሆንም የተገናኘው አንጀት እስኪድን ብዙ ጊዜ ለጥቂት ወራት ጊዜያዊ ከረጢት ይደረጋል። ከረጢት ይዞ ማረስም፣ ቤተ ክርስቲያን መሄድም፣ መነገድም ይቻላል። ያለበትን ሰው ማሸማቀቅ ግን ነውር ነው።

ሮቦቱ ፈጽሞ የማይረዳበት አንድ ነገር አለ፤ እሱም ዘግይቶ መምጣት ነው። ሰገራ ላይ ደም ሲታይ እኛ ዘንድ የሚሰጠው ስም አንድ ነው፤ ኪንታሮት። አባወራው ለልጁ መናገር ያፍራል። እማወራዋ ጭራሽ አታነሣውም። የባህል መድኃኒት ይሞከራል፣ ይቃጠላል፣ ይቀባል። ብዙ ጊዜ እውነትም ኪንታሮት ነው። ካንሰርም ኪንታሮት መስሎ ይመጣል። ደሙ ከቀጠለ፣ የሰገራ ልማድ ከተለወጠ፣ ሰገራ ወጥቶ ያላለቀ ያህል ከተሰማ፣ ክብደት ከቀነሰ፣ ያለ ምክንያት ደም ማነስ ከመጣ፣ ሐኪም በጣቱም፣ በኮሎኖስኮፒም (ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ) ማየት አለበት። ጠበል የሚጠጣ ሰው ጠበሉን ሳይተው መታየት ይችላል። ብዙዎቹ የአንጀት ካንሰሮች ከትንሽ እብጠት ተነሥተው ካንሰር ለመሆን 10 ዓመት ገደማ ይፈጅባቸዋል። ገና ትንሽ እብጠት ሳለ ከተገኘ ኮሎኖስኮፒው ራሱ ቆርጦ ያወጣዋል። ኦፕሬሽን የለ፣ ሮቦት የለ።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ውጭ ለመሄድ የወሰነ ቤተሰብ ከመነሣቱ በፊት የሚጠይቀው አለ። ካንሰሩ ከፊንጢጣ ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ ነው? ወደ ጉበት ወይም ወደ ሳንባ ሄዷል? የሚሠራው ሐኪም ይህንኑ ኦፕሬሽን በሮቦት ስንት ጊዜ ሠርቷል? ማሽኑ መኖሩን ሳይሆን ሐኪሙን ጠይቁ።

ሲመለሱ ደግሞ የኦፕሬሽኑን ሪፖርትና የፓቶሎጂውን (የወጣው ሥጋ በማይክሮስኮፕ የታየበትን) ውጤት ሙሉውን ይዘው ይምጡ። ፓቶሎጂው ላይ የተቆረጠው ጠርዝ ከካንሰር ነጻ መሆኑ ተጽፏል ወይ? ቢያንስ 12 ንፍፊቶች ታይተዋል ወይ? ኬሞ ይጨመር አይጨመር የሚወስነው የአገር ቤት ሐኪም የሚያነበው ይህን ወረቀት ነው። ክትትሉም እዚሁ ነው። በመጀመሪያዎቹ 2 ዓመታት በየ3 እስከ 6 ወሩ ሲኢኤ የሚባለው የደም ምርመራ ይሠራል። ኦፕሬሽኑ ከተሠራ ዓመት ገደማ ሲሞላው ደግሞ ኮሎኖስኮፒ ይደገማል።