ሦስተኛው ዕድሜ ምንድን ነው?

አክስቴ ጡረታ በወጣች በዓመቱ፣ በ61 ዓመቷ፣ በገና ገዛች። ቤተሰቡ ደነገጠ። ታናሽ ወንድሟ «ልትመነኩስ አስባለች» አለ፤ ትልቋ ልጇ ደግሞ እናቷን ሐኪም ዘንድ መውሰድ አለብን እስከ ማለት ደረሰች። አክስቴ የታመመችም፣ ዓለም በቃኝ ያለችም አልነበረችም። ሙሉ የሥራ ዘመኗን የሰው ልጆች አስተምራለች፣ አራት የራሷን አሳድጋ ድራለች፣ ባሏን በሕመሙ አስታማ ቀብራለች። በልጅነቷ አባቷ በዐቢይ ጾም ሲደረድር ትሰማው የነበረውን ድምፅ በራሷ ጣቶች ማውጣት ፈለገች። ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

ያን ጊዜ አክስቴ የገባችበትን የሕይወት ክፍል አማርኛችን ስም አላወጣለትም። ጎልማሳ የምንለው አለ፤ ሽማግሌና ባልቴት የምንላቸው አሉ። «ጡረታ» የሚለው ቃል ራሱ የመጣው ከመጦር ነው፤ ሥራውን ያቆመ ሰው ወዲያው ተጧሪ ይሆናል ማለት ነው። ልጅ ስንመኝም የምንመኘው «ጧሪ ቀባሪ» ነው፤ መጦርና መቀበር በአንድ ትንፋሽ ይጠራሉ። በሥራ ማብቂያና በመጦር መጀመሪያ መካከል ያሉት 10፣ 15፣ አንዳንዴም 20 ዓመታት ግን ያለ ስም ቀርተዋል።

ሌሎች «ሦስተኛው ዕድሜ» ብለው ጠርተውታል። ስያሜው በፈረንሳይ የታወቀው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1973 በቱሉዝ ከተማ ፕሮፌሰር ፒየር ቬላስ «የሦስተኛው ዕድሜ ዩኒቨርሲቲ» የተባለውን ትምህርት ቤት ሲከፍቱ ነው። ትምህርቱ የተዘጋጀው ከሥራ ለተገለሉ ሰዎች ነበር። ሐሳቡ ወደ እንግሊዝ ሲሻገር መልኩን ለወጠ፤ እኔንም ይበልጥ የሚማርከኝ ይኸኛው መልክ ነው። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የካምብሪጁ የታሪክ ምሁር ፒተር ላስሌት ከማይክል ያንግና ከኤሪክ ሚድዊንተር ጋር ያቋቋሙት እንቅስቃሴ ፈተና የለውም፣ ዲግሪም አይሰጥም። የሚያስተምሩትም የሚማሩትም አባላቱ ራሳቸው ናቸው። ትናንት የሒሳብ ሠራተኛ የነበረችው ሴት ዛሬ ስለ ዕፅዋት ታስተምራለች፤ ነገ ደግሞ ከጡረተኛው መርከበኛ ጣልያንኛ ለመማር ደብተሯን ይዛ ትቀመጣለች።

ላስሌት በዚያው በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1989 ባሳተሙት መጽሐፍ ሐሳቡን ቅርጽ ሰጡት። የሰውን ሕይወት በአራት ከፈሉት። የመጀመሪያው በሌሎች ላይ ተደግፈን የምንማርበትና የምናድግበት ነው። ሁለተኛው ሠርተን የምናገኝበት፣ ልጅ የምናሳድግበት፣ ኃላፊነት የምንሸከምበት ነው። አራተኛው ጉልበት ከድቶን እንደገና በሰው እጅ የምንወድቅበት ነው። በእነዚህ መካከል ያለውን ሦስተኛውን ራስን የመፈጸሚያ ጊዜ አሉት፤ ቀኑ የራሳችን የሆነበት፣ ያቆየነውን ነገር የምናደርግበት።

ከዚህ ሁሉ ሰዎች የሚስቱት አንድ ነጥብ አለ። ላስሌት ይህን ዘመን በልደት ቀን አልቆጠሩትም። በ50 ዓመቱ የሚጀምረው አለ፤ በ65 የሚጀምረውም አለ። ከሥራውና ከልጆቹ ጋር ጎን ለጎን የሚኖረው አለ፤ ሳያየው ከሁለተኛው ወደ አራተኛው በቀጥታ የሚያልፍም ብዙ ነው። ሰው ራሱ ካልገባበት ዓመቱ ብቻውን አያስገባውም።

«ይህ የፈረንጅ ቅንጦት ነው» የሚለኝ ወዳጅ አለኝ። አልስማማም። በገዳ ሥርዓት ሥልጣኑን በጊዜው ያስረከበ ሰው ዩባ ይባላል፤ ከአመራር ይወርዳል፣ ግን ከሰው አይወርድም፤ መካሪነት የራሱ ደረጃና ክብር አለው። በደጋው ክርስቲያን አገር ልጆቿን ድራ የጨረሰች ሴት ቆብ ስትደፋ ብዙዎች የሚያዩት መራቅን ብቻ ነው። እኔ ሌላም አያለሁ፤ ከእንግዲህ ማንም «ምሳ የት አለ?» ብሎ የማያዝዛት፣ ሰዓቷን በጸሎቷ የምትከፍል ሴት። በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመርም የልጅ ልጅ ያዩ አያቶች ፊደል ቆጥረዋል። እነዚያን ሰዎች ስማቸውን ለመጀመሪያ ጊዜ በራሳቸው እጅ የጻፉበትን ቀን ብትጠይቋቸው፣ ብዙዎቹ ወሩን ከነወቅቱ ይነግሯችኋል።

አዲስ የሆነው የጊዜው ርዝመት ነው። በኢትዮጵያ ሲወለድ የሚጠበቀው አማካይ ዕድሜ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከ50 ዓመት በታች ነበር፤ ዛሬ ከ60 በላይ ሆኗል። እርግጥ ቁጥሩን ዝቅ አድርጎት የኖረው በዋናነት የሕፃናት ሞት ነው፤ 50 የደረሰ ሰው ያን ጊዜም ቢሆን ብዙ ይኖር ነበር። ነገር ግን 50 የሚደርሰው ሰው በዝቷል፤ የሚቀረውም ዘመን እንደ ቀድሞው አጭር አይደለም።

ስለ ገንዘብ ሳይነሳ ስለ ነፃነት መናገር አይቻልም። በአገራችን መደበኛው የጡረታ መውጫ ዕድሜ 60 ነው፤ የዘለቄታ አበል ለማግኘት ቢያንስ 10 ዓመት ያገለገሉ መሆን ያስፈልጋል። የግል ድርጅት ሠራተኞች የራሳቸውን የጡረታ ሕግ ያገኙት በ2003 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 715 ነው። ገበሬው፣ ጉልት ላይ የምትቸረችረው እናትና የቤት ሠራተኛዋ ግን አብዛኞቹ ከዚህ ውጭ ናቸው። ስለዚህ ዝግጅቱን በ60 ሳይሆን በ50 መጀመር አለብን እላለሁ። ጉልበት ሳለ፣ ዕቁብ መጣል ሳያቅት፣ በተለይም የሥራ ባልደረባ ያልሆነ ወዳጅ ማፍራት ሲቻል። መሥሪያ ቤታቸውን ሲለቁ ሰላም የሚላቸው ሰው ሁሉ አብሮ የቀረባቸውን አይቻለሁ፤ የሚያሳዝነው ባዶነት ከአበሉ ማነስ አይተናነስም።

ከገንዘቡ ቀጥሎ የሚከለክለው፣ ለመናገር ቢከብደኝም፣ የእኛ የልጆች ፍቅር ነው። «አረፍ በይ፣ ምን አደከመሽ» እንላለን። ዕቃውን ከእጃቸው እንቀማለን፣ ገበያውን እኛ እንሄዳለን፣ ስልኩን እኛ እንነካካለን። በአክብሮት የተሠራ እስር ነው። በውጭ አገር ደግሞ የባሰውን አይቻለሁ። እናት ከአዲስ አበባ ወደ አሜሪካ ትወሰዳለች፤ ሕፃን ትይዛለች። ቋንቋውን አታውቅም፣ መኪና አትነዳም፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ የምትሄደው የሚያደርሳት ሲገኝ ነው። ልጆቿ ይወዷታል፣ ምንም አላሳጧትም። ነገር ግን ከተማው ሁሉ በመስኮት የምታየው ሥዕል ሆኖባታል። ለእንዲህ ዓይነቷ እናት አውቶቡስ አያያዝን ማሳየት ውድ ቀሚስ ከመግዛት ይበልጣል። መጀመሪያ አብሯት መሄድ፣ ቀጥሎ ከኋላ መከተል፣ በሦስተኛው ቀን መተው።

እዚያው አሜሪካ የምወደው ምሳሌም አለ። ኃይሉ መርጊያ በዋልያስ ባንድ ውስጥ በአዲስ አበባው ሂልተን ሆቴል ኪቦርድ ይጫወት ነበር። በኋላ አሜሪካ ቀረና በዋሽንግተን አካባቢ ለብዙ ዓመታት ታክሲ ነዳ። መሣሪያውን ግን አልተወም፤ በመኪናው የኋላ ዕቃ ማስቀመጫ ይይዘውና አውሮፕላን ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ይለማመድ ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2013 የድሮ ካሴቱ እንደገና ታትሞ ወጣ፤ በ2018 ደግሞ፣ ሰባ ዓመት ካለፈው በኋላ፣ አዲስ አልበም ሠራ፤ በዓለም መድረኮችም ተጫወተ። ሰው ስለ ዝናው ያወራል። እኔ የማስበው በታክሲ ተራ የነበሩትን ሰዓታት ነው፤ ማንም ሳይሰማው፣ የራሱ የነበሩትን።

አክስቴም ታዋቂ አልሆነችም። በገና አሥር አውታር አለው፤ የሚነዝረውን ድምፅ የምትሰጠው በአውታሩና በመቀመጫው መካከል የምትገባው ትንሽ ቆዳ፣ እንዚራ ናት። እርሷን በትክክል ማስቀመጥ ብቻ ሳምንታት ወሰደባት። ጣቷ ቆሰለ፣ ወገቧ ታመመ፣ ከእርሷ በአርባ ዓመት የሚያንሱ ልጆች ቀደሟት። ትምህርቱ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። ባለፈው ወር ልጇ ደውላ «እማዬ፣ ሐሙስ ልጆቹን ያዥልኝ» አለቻት። አክስቴ ጥቂት ዝም አለችና «ረቡዕ አምጫቸው፤ ሐሙስ አይመቸኝም» ብላ መለሰች። ስልኩን ስትዘጋ አጠገቧ ነበርኩ። በሕይወቷ ሙሉ እንዲህ ስትል ሰምቻት አላውቅም።