የጡት ወተት ቅቤና አይብ ይወጣዋል?

ፒያሳ የምትኖር የምታጠባ ጓደኛዬ ያለበችውን ወተት ፍሪጅ አሳድራ ስታየው ከላይ ወፈር ያለ ቢጫ ነገር ሰፍፎበታል። «ይሄ ቢናጥ ቅቤ ይወጣዋል?» ብላ ደወለችልኝ። ጥያቄዋን በጣም ነው የወደድኩት።

ቅቤ እንኳ ትንሽ ይወጣዋል። የሰፈፈው ስብ ነው፤ እንደ ላም ወተት ሁሉ ወደ 4 በመቶ ገደማ ስብ አለው። ስለዚህ ወተቱ ተበላሸ ብለሽ እንዳትደፊው! ቀስ አድርገሽ ስታወዛውዢው መልሶ ይቀላቀላል።

አይብ ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሬራ ሲሞቅ የሚቋጠረው ኬሲን የሚባለው ፕሮቲን ነው። ከላም ወተት ፕሮቲን 80 በመቶ ያህሉ ኬሲን ሲሆን በእናት ወተት ግን ወደ 40 በመቶ ነው፣ ጠቅላላ ፕሮቲኑ ራሱ ከላሟ ሲሶውን ያህል ብቻ ስለሆነ ብታረጊውም ብታሞቂውም ከክትፎ ጋር እንደምንበላው አይብ አይጨበጥልሽም፣ ስስ ብጥስጣሽ ሆኖ ይቀራል። ለልጁ ደግሞ የሚሻለው ይሄው ነው፤ ሆዱ ውስጥ ለስለስ ብሎ ስለሚረጋ ቶሎ ይፈጭለታል። ዓመት ሳይሞላው የላም ወተትን በጡት ፋንታ አትስጪው የሚባለውም አንዱ ምክንያት የፕሮቲኑ ብዛት ነው፣ ለኩላሊቱ ይከብደዋል።