ሲስካይ፦ ፈጣሪዋ ብቻ ያወቃት «ነፃ አገር»

ሲስካይ የደቡብ አፍሪካ አፓርታይድ መንግሥት ለኮሳ ሕዝብ ከከለላቸው ሁለት ባንቱስታኖች (ለጥቁሮች ተለይተው የተከለሉ ግዛቶች) አንዷ ስትሆን፣ ግዛቷ ዛሬ የምሥራቅ ኬፕ ክፍለ ግዛት አካል ነው። ስሟ «ከካይ ወንዝ ወዲህ» እንደ ማለት ነው፤ «ወዲህ» የተባለውም በኬፕ ቅኝ ግዛት ቆሞ ለሚያይ ሰው ነው። ከወንዙ ማዶ ያለችው ትራንስካይ በ1976 እ.ኤ.አ. «ነፃ» ተብላለች። ለእያንዳንዱ ብሔር የራሱን አገር እሰጣለሁ የሚለው ፖሊሲ አንዱን የኮሳ ሕዝብ ለምን ለሁለት እንደከፈለው አሳማኝ ምክንያት ቀርቦለት አያውቅም።

ግዛቷ የተጨናነቀችው በአብዛኛው ነጮች ከያዙት አካባቢ ተፈናቅለው በመጡ ሰዎች ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ ብዙዎቹ የሰፈሩባት ዲምባዛ ሥራም በቂ ምግብም ስላልነበራት በሕፃናት መቃብሮቿ ታወቀች። ምዳንትሳኔ ደግሞ የኢስት ለንደን ፋብሪካዎች ሠራተኞች የሚያድሩባት ከተማ ነበረች።

የሲስካይን ነፃ መውጣት ጉዳይ ያጠናው ኮሚሽን አብዛኛው ሕዝብ አንድ ደቡብ አፍሪካን እንደሚመርጥ ቢገልጽም፣ መሪው ሌኖክስ ሴቤ በታኅሣሥ 1980 ሕዝበ ውሳኔ አካሂደው ድል አወጁ። ታኅሣሥ 4 ቀን 1981 ነፃነቱ ሲታወጅ የሰንደቁ ምሰሶ ተሰብሮ ስለወደቀ፣ ባንዲራው የተሰቀለው ወታደሮች እንጨቱን በእጃቸው ደግፈው ነው። ከደቡብ አፍሪካና ከሌሎቹ ባንቱስታኖች በቀር ዕውቅና የሰጣት አገር አልነበረም፤ ሆኖም የሲስካይ ተወላጅ የተባለ ሁሉ፣ ጆሃንስበርግ ተወልዶ ያደገው ጭምር፣ የደቡብ አፍሪካ ዜግነቱን ተነጠቀ። የፖሊሲው ዋና ግብም ይኸው ነበር።

በ1983 የአውቶቡስ ዋጋ ሲጨምር የምዳንትሳኔ ሠራተኞች አውቶቡሱን ትተው በእግርና በባቡር መጓዝ ጀመሩ፤ በነሐሴ ወር ጦሩና ፖሊሱ በባቡር ጣቢያው ተኩሰው ሰዎች ገደሉ። ሴቤ በዚያው ዓመት የጸጥታው አለቃ የነበረውን ወንድማቸውን ቻርልስን ሳይቀር አሰሩ። መጋቢት 4 ቀን 1990 ሴቤ ውጭ አገር ሳሉ ብርጋዴር ኡፓ ግቆዞ ሥልጣኑን ያዙ። ጄኔራሎች ሥልጣን ሲይዙ የተለመደው የለውጥ ተስፋ እዚህም ብዙ አልቆየም፤ መስከረም 7 ቀን 1992 ወታደሮቻቸው በዋና ከተማዋ ቢሾ የአፍሪካ ብሔራዊ ኮንግረስ ሰልፈኞች ላይ ተኩሰው 28 ሰዎችን ገደሉ፤ አንድ ወታደርም በዚያው ሞተ።

ሲስካይ ሚያዝያ 27 ቀን 1994፣ የመጀመሪያው የሁሉም ዘሮች ምርጫ ሲካሄድ፣ ወደ ደቡብ አፍሪካ ተመለሰች። ለዚያች «አገር» ተብላ የተቆረቆረችው ቢሾ አሁን የምሥራቅ ኬፕ አስተዳደር መቀመጫ ናት።