ጠላትን ጨምድዶ መያዝ፦ ሕጉ ምን ያህል ይፈቅዳል?

ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ወክለው በዳይስ በሚጫወቱት በዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ጨዋታ ጠላትን ጨምድዶ እንደመያዝ የሚያጨቃጭቅ ነገር የለም። ብዙዎች «ከያዝኩት አለቀለት» ይላሉ። አላለቀለትም። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የጨዋታው ሕግ የተያዘው የሚያጣው መንቀሳቀስን ብቻ ነው፤ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል። ሰይፍ ከመሰንዘርም ሆነ አስማት ከመሥራት የሚያግደው የለም።

ታዲያ ምን ይጠቅማል? በጣም ይጠቅማል! በአንድ ተራ ፍጥነታችሁ 30 ጫማ ከሆነ፣ የያዛችሁትን ጎብሊን (ትንሽ ጭራቅ) የዚያን ግማሽ፣ 15 ጫማ ጎትታችሁ ገደል አፋፍ ታደርሱታላችሁ። በተራችሁ ሁለተኛ ጥቃት ካላችሁ ደግሞ ገፍታችሁ መሬት ላይ ጣሉት። ከወደቀበት ለመነሳት ፍጥነት ያስፈልጋል፤ እሱ ደግሞ የለውም። እስኪያመልጥ ድረስ መሬት ላይ ይቀራል። አጠገቡ ቆመው የሚመቱት ጓደኞቻችሁም ዳይሱን ሁለቴ ጥለው የተሻለውን ይወስዳሉ።

እ.ኤ.አ. በ2024 በታደሰው ሕግ ደግሞ የተያዘው ከያዘው ሌላ ሰው ለመምታት ይከብደዋል። ይህን ወድጄዋለሁ።

አንዳንድ ቡድኖች በራሳቸው ሕግ «የተያዘ አስማተኛ አስማት አይሠራም» ይላሉ። እኔ አልስማማም፤ በአንድ ዳይስ ምክንያት ተጫዋቹ ፍልሚያውን ቁጭ ብሎ ሊያይ ነው። እጁን ለመያዝ ሌላ ጥቃት ይጠየቅ። ሕጉም ጨዋታው ሳይጀመር ይነገር፤ ጭራቆቹም በዚያው ሕግ እናንተን ይይዟችኋልና።