ሃሚንግ ዲስታንስ ምንድን ነው?

7 እና 8ን እንውሰድ። ልዩነታቸው 1 ነው፤ ማንም ያውቀዋል። ኮምፒውተር ውስጥ ግን 7 ማለት 0111፣ 8 ማለት 1000 ነው። ቦታ በቦታ ስታመሳክሯቸው አንድም የሚገጥም ቢት (ቢት ማለት አንዷ የ0 ወይም የ1 አሃዝ ናት) የለም፤ አራቱም ይለያያሉ። ሃሚንግ ዲስታንስ የሚባለው ይሄ የሚለያዩት ቢቶች ብዛት ነው። እዚህ 4 ሆነ ማለት ነው።

ስሙ የአሜሪካዊው የሒሳብ ሊቅ የሪቻርድ ሃሚንግ ነው። ቤል ላብስ የተባለው የምርምር ተቋም ሲሠራ፣ ቅዳሜና እሁድ ሠራተኛ በሌለበት የሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ማብሪያ) ኮምፒውተሩ ስህተት ባገኘ ቁጥር የእሱን ሥራ ትቶ ወደ ሌላ ሥራ ያልፍ ነበር። ማሽኑ ስህተት መኖሩን ካወቀ ለምን ቦታውን አግኝቶ አያርመውም ብሎ ተነሳ፤ መልሱንም እ.ኤ.አ. በ1950 አሳተመው።

ፕሮግራሙ ቀላል ነው። ሁለቱን ቁጥሮች ኤክስ-ኦር ታደርጋላችሁ፤ ቢቶቹ ሲመሳሰሉ 0፣ ሲለያዩ 1 ይሰጣል። ከዚያ የወጡትን 1ዎች መቁጠር ነው። 29 (11101) እና 15 (01111) ኤክስ-ኦር ሲደረጉ 10010 ይወጣል፣ ማለትም 18። ሁለት 1 አለው፤ ርቀቱ 2 ነው።

አቆጣጠሩ ላይ በጣም የምወዳት ዘዴ አለች። ቁጥሩ በ32 ቢት ከተያዘ፣ 32ቱንም አንድ በአንድ ከመፈተሽ ይልቅ ቁጥሩን ከራሱ በ1 ከሚያንሰው ቁጥር ጋር ኤንድ አድርጉት፤ ኤንድ ሁለቱም ቢቶች 1 ሲሆኑ ብቻ 1 ይሰጣል። 1 ስትቀንሱ በስተቀኝ መጨረሻ ያለችው 1 ወደ 0 ትገለበጣለች፣ ከእሷ በስተቀኝ ያሉት 0ዎች ወደ 1 ይለወጣሉ፣ በስተግራዋ ያለው ደግሞ ምንም አይነካም፤ ስለዚህ ኤንድ ሲደረጉ ያቺ አንዷ 1 ብቻ ትጠፋለች። 18 ከ17 ጋር 16 ይሰጣል። 16 ከ15 ጋር 0። በቃ፣ ሁለት ዙር! ቁጥሩ 0 እስኪሆን የዞራችሁት ብዛት ራሱ መልሱ ነው።

ኔጌቲቭ ቁጥር ላይ ግን ተጠንቀቁ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ጃቫ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ -1ን በ32 ቢት ሲይዘው ሁሉም ቢት 1 ነው፣ ስለዚህ ከ0 ያለው ርቀት 32 ይሆናል። ሌላው የፕሮግራም ቋንቋ ፓይተን ከ3.10 እትሙ ጀምሮ ያለው የ1 ቢቶች መቁጠሪያ ግን የመቀነስ ምልክቱን ትቶ ስለሚቆጥር 1 ይላችኋል። እና ፓይተን ላይ የ32 ቢት መልስ ከፈለጋችሁ፣ ከመቁጠራችሁ በፊት የኤክስ-ኦሩን ውጤት ከ4294967295 ጋር ኤንድ አድርጉት። ይሄ ቁጥር 32 ተከታታይ 1 ነው።