በድምፅ ማፈኛ ማደን በአሜሪካ፦ የት ይፈቀዳል፣ የትስ ያስቀጣል?

አሜሪካ ውስጥ ሳይለንሰር (ድምፅ ማፈኛ) በተገጠመለት ጠመንጃ ማደን ሕጋዊ ነው? መልሱ እንደ ግዛቱ ነው። ከ50ዎቹ ግዛቶች በ42ቱ ግለሰብ ሳይለንሰር መያዝ ይችላል። ከነዚህ ውስጥ 41ዱ ለአደንም ይፈቅዳሉ። የቀረችው ኮነቲከት ናት። እዚያ ዕቃውን ቤት ማስቀመጥም ሆነ ተኩስ መለማመጃ መውሰድ ይቻላል፤ ይዞት አጋዘን ፍለጋ የወጣ ሰው ግን ሕግ ጥሷል። ካሊፎርኒያ፣ ኒውዮርክ፣ ኒው ጀርዚ፣ ማሳቹሴትስ፣ ኢሊኖይ፣ ዴላዌር፣ ሮድ አይላንድና ሃዋይ ደግሞ ጭራሽ መያዙንም ይከለክላሉ።

ነገሩን የሚያወሳስበው ሁለት ሕግ መደራረቡ ነው። መግዛትና ማስመዝገብ በዋናነት የፌዴራል መንግሥት ጉዳይ ነው። የትኛው እንስሳ፣ በየትኛው ወቅት፣ በምን መሣሪያ ይታደናል የሚለውን ደግሞ እያንዳንዱ ግዛት ይወስናል። ስለዚህ በፌዴራሉ ሕግ ንጹሕ የሆነ ሰው በግዛቱ የአደን ደንብ ሊቀጣ ይችላል።

ሳይለንሰርን ለገበያ ያበቃው ሃይራም ፐርሲ ማክሲም ነው። የፈጠራ መብቱን ያገኘው በ1909 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አባቱ የታወቀው የማክሲም መትረየስ ፈጣሪ ነበር። አባት ያስጮኸውን፣ ልጁ ጸጥ ለማሰኘት የተነሳ ይመስላል። መጀመሪያ ላይ ዕቃው እንደማንኛውም ሸቀጥ በመደብርና በፖስታ ይሸጥ ነበር። አንዳንድ ግዛቶች ግን ቶሎ ሰጉ። ተኩሱ ካልተሰማ ሕገወጥ አዳኙን ማን ይይዘዋል? የአደን ክልከላዎቹ ዋና ሰበብ ይኸው ስጋት ነበር።

በ1934 ኮንግረስ የወሮበሎችን መትረየስ ለመቆጣጠር ብሔራዊ የጦር መሣሪያ ሕግን አወጣ። ሳይለንሰርም አብሮ ገባበት። ምዝገባና የ200 ዶላር ግብር ተጣለበት። ያኔ 200 ዶላር ከዕቃው ዋጋ በብዙ እጥፍ ይበልጥ ስለነበር ገበያው ሞተ። ግብሩ ግን ከ90 ዓመት በላይ አንድ ሳንቲም አልጨመረም። የዋጋ ንረቱ ቀስ በቀስ በላው፤ ገዢውም ተመለሰ። በመጨረሻም ሐምሌ 4 ቀን 2025 (የአሜሪካ የነጻነት በዓል ዕለት መሆኑ ነው) የተፈረመው ትልቁ የበጀትና የግብር ሕግ፣ ከጥር 1 ቀን 2026 ጀምሮ የሳይለንሰሩን ግብር ዜሮ አደረገው።

ዜሮ ግብር ማለት ግን ነጻ ገበያ ማለት አይደለም። ገዢው አሁንም ፎርም ይሞላል፣ ፎቶና የጣት አሻራ ይሰጣል፣ የመሣሪያ ቁጥጥሩን የሚመራው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኤቲኤፍ እስኪያጸድቅለት ይጠብቃል። ከነጋዴ ለመግዛት 21 ዓመት የሞላው መሆን አለበት። ያልተመዘገበ ሳይለንሰር ይዞ የተገኘ እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የማያስበው ነገር አለ። ሕጉ ለሳይለንሰር መሥሪያ ተብሎ የታሰበን ክፍልፋይ ጭምር እንደ ሙሉ ሳይለንሰር ያየዋል። የጠመንጃ ማጽጃ ዕቃ ተብለው ኦንላይን በርካሽ የሚሸጡ አንዳንድ ቱቦዎች ሰውን ጣጣ ውስጥ የከተቱት በዚህ ምክንያት ነው። ርካሽ ብሎ ማዘዝ አያዋጣም።

ድምፁስ ምን ያህል ይቀንሳል? በፊልም እንደምናየው አይደለም። የአደን ጠመንጃ ሲተኮስ ብዙውን ጊዜ ከ155 እስከ 170 ዴሲቤል ያህል ይጮኻል። እንዲህ ላለ ድንገተኛ ድምፅ የጆሮ አደጋ መስመር ተደርጎ የሚወሰደው 140 ዴሲቤል ነው። ጥሩ ሳይለንሰር ከ20 እስከ 35 ዴሲቤል ይቀንሳል። የሚያፍነውም ከአፈሙዙ የሚወጣውን ጋዝ ነው። ጥይቱ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ሲበር አየሩን ሰንጥቆ የሚያሰማውን ጩኸት አይነካውም። አጋዘን የሚመታ ጥይት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከድምፅ ይፈጥናል። በአጭሩ፣ ተኩሱ ይሰማል፤ ጆሮ ግን ይተርፋል።

የአዳኞቹ ክርክር የቆመው እዚህ ላይ ነው። ጫካ ውስጥ ጆሮውን ደፍኖ የሚያድን ሰው ጥቂት ነው፤ የቅጠል ኮሽታ መስማት አለበትና። ግዛቶቹም ቀስ በቀስ ተቀበሏቸው። ቴክሳስ ቀድሞ እንደ የዱር አሳማ ላሉ እንስሳት ብቻ ትፈቅድ ነበር፤ በ2012 አጋዘንን ጨምሮ ለሌሎቹ ታዳኞችም ፈቀደች። ጆርጂያ፣ አላባማና ፍሎሪዳ በ2014 ተከተሉ። ሚኒሶታ በ2015፣ አይዋ በ2016 መያዙንም ማደኑንም ፈቀዱ። ቨርሞንት በ2015 መያዝን ብቻ ፈቅዳ ነበር፤ ለአደን የከፈተችው በ2022 ነው።

ተቃዋሚዎቹም ባዶ እጃቸውን አይደሉም። በ2019 ቨርጂኒያ ቢች ከተማ ውስጥ 12 ሰው የገደለው ታጣቂ ሽጉጡ ላይ ሳይለንሰር ነበረው። አደንን በተመለከተ ግን ለእኔ የሚመዝነው የጫካ ጠባቂዎቹ ነጥብ ነው። ጠባቂው በሌሊት ሕገወጥ አዳኝ የሚያገኘው ጆሮውን ተከትሎ ነው። ሌላ አዳኝም በአቅራቢያው ሰው እንደሚተኩስ የሚያውቀው በድምፁ ነው። ድምፁ ሙሉ በሙሉ አይጠፋም የሚለው መልስ እውነት ነው፤ ግን ከየት አቅጣጫ እንደመጣ መለየት ይከብዳል።

አውሮፓን ያየ ሰው ደግሞ ይገረማል። ጠመንጃ ለመግዛት ጥብቅ ፈቃድ የምትጠይቀው ኖርዌይ ሳይለንሰሩን እንደ ተራ መለዋወጫ ትሸጣለች። ፈረንሳይ በ2018 ለአደን ፈቀደች። ጀርመን በ2020 የአደን ፈቃድ ላላቸው ሰዎች መንገዱን አቀለለች። እነዚህ አገሮች ነገሩን የሚያዩት ከወንጀል ይልቅ ከጤናና ከጎረቤት ሰላም አንጻር ነው።

በዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድና ቨርጂኒያ) አካባቢ ለሚኖሩ ወገኖቻችን አንድ ነገር ልጨምር። ቨርጂኒያም ሜሪላንድም ሳይለንሰር መያዝንና በሱ ማደንን ይፈቅዳሉ። መሀል ላይ ያለችው ዲሲ ግን አትፈቅድም። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ማስመዝገብ ይችላል፤ የተመዘገበውን ሳይለንሰር ከግዛት ግዛት ለማሻገርም፣ ከመትረየስ በተለየ፣ የኤቲኤፍን ፈቃድ አይጠይቅም። የፌዴራሉ ምዝገባ ግን የዲሲን ክልከላ አይሽርም። ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ወደ ሜሪላንድ ጫካ የሚሄድ አዳኝ በዲሲ ባያቋርጥ ይሻለዋል። የግዛቱን የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት የዘንድሮ የአደን ደንብም አስቀድሞ ማንበብ ነው፤ ደንቡ በየዓመቱ ሊቀየር ይችላል።

አሁን ክርክሩ ወደ ፍርድ ቤት ዞሯል። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1937 የ1934ቱን ሕግ ያጸናው ኮንግረስ ግብር የመጣል ሥልጣን አለው ብሎ ነበር። ግብሩ ዜሮ ከሆነ ታዲያ ምዝገባው በምን ይቆማል? ከ2025 ጀምሮ የቀረቡት ክሶች የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።